ሳጥኑ ይጣላል፣ ዕቃው ይቀራል፦ ከኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ እስከ ቤታችሁ ሰርቨር

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዳችሁ ከሆነ ይህን ታውቁታላችሁ፦ ከፊታችሁ ያለው ተሳቢ ኮንቴይነር ከጫነ፣ ጉዞው በእሱ ፍጥነት ነው። ሹፌሩ በዝቅተኛ ማርሽ እየጎተተ ይወርዳል፣ ከኋላው ያለው ሚኒባስ ጡሩምባ ይነፋል፣ እናንተ ደግሞ በመስኮት የብረቱን ሳጥን ታያላችሁ። ጎኑ ላይ ፊደልና ቁጥር ተጽፎበታል። ውስጡ ምን እንዳለ ግን አይታወቅም።

ኮምፒውተር የምትወዱ ከሆናችሁ ደግሞ ሌላ ዓይነት ኮንቴይነር ሰምታችኋል። ፕሮግራም የሚታሸግበት ኮንቴይነር። የስሙ መመሳሰል በአጋጣሚ አይደለም። እንዲያውም የብረቱን ሳጥን ታሪክ የሚያውቅ ሰው የሶፍትዌሩን ሳጥን ሲያሻሽል ብዙ ጥፋት ይድናል ብዬ አምናለሁ። እስቲ ቤታችሁ ባለ አንድ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ የቤተሰቡ ፎቶ የተቀመጠበት፣ በኮንቴይነር የሚሠራ ፕሮግራም አለ እንበል። አዲስ እትም ወጣ። ፎቶዎቹን ሳታጠፉ እንዴት ታሻሽሉታላችሁ? ወደዚህ ጥያቄ የምንደርሰው በኮምቦልቻ በኩል ነው። (ከመጀመራችን በፊት፦ «ዓ.ም.» ስል የእኛን፣ «እ.ኤ.አ.» ስል የአውሮፓውያኑን አቆጣጠር ማለቴ ነው።)

ኮምቦልቻን ኮምቦልቻ ያደረጋት መንገድ ነው። የጣሊያን ጦር በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ደሴ ከገባ በኋላ በወረራው ዓመታት የመኪና መንገዶች ተሠሩ። ከእነዚህ አንዱ ከኮምቦልቻ ተገንጥሎ በባቲ በኩል ወደ አፋር ቆላ ወርዶ አሰብ ወደብ የሚያደርሰው ነው። ከዚያ ወዲህ ለብዙ አሥርት ዓመታት ከባሕር የመጣ ዕቃ በዚህ በኩል ወደ ወሎ ወጣ። ታዲያ ዕቃው የሚመጣው እንዴት ነበር? በጆንያ፣ በጣቃ፣ በበርሜል፣ በካርቶን። አሰብ ላይ ወዛደሮች ከመርከብ ያወርዱታል፣ መጋዘን ይገባል፣ ከመጋዘን ወጥቶ መኪና ላይ ይጫናል፣ ኮምቦልቻ ወይም ደሴ ሲደርስ እንደገና በትከሻ ይወርዳል። በእያንዳንዱ ንክኪ አንድ ነገር ይሆናል፤ አንዱ ጆንያ ይቀደዳል፣ አንዱ ይረጥባል፣ አንዱ የት እንደገባ አይታወቅም።

ይህ የእኛ ችግር ብቻ አልነበረም። በመላው ዓለም መርከቦች ከባሕር ላይ ይልቅ ወደብ ላይ ቆመው ይውሉ ነበር። ማልኮም ማክሊን የሚባል የአሜሪካ የጭነት መኪና ድርጅት ባለቤት፣ ዕቃውን አንድ በአንድ ከማውረድ ይልቅ ዕቃው ያለበትን ሳጥን እንዳለ ለምን አናነሳውም ብሎ አሰበ። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 26 ቀን 1956 «አይዲያል ኤክስ» የተባለች፣ ከነዳጅ ጫኝነት የተቀየረች መርከብ 58 ሳጥን ጭና ከኒውአርክ ወደ ሂዩስተን ተነሳች። በጊዜው በተሠራው ስሌት፣ በትከሻ ሲጫን በቶን ወደ 6 ዶላር ይጠጋ የነበረው የመጫኛ ወጪ በሳጥን ሲሆን ወደ 16 ሳንቲም ወረደ። ስድስት ዶላርና አሥራ ስድስት ሳንቲም!

ግን ዓለምን የለወጠው ሳጥኑ ብቻ አይደለም፣ ስምምነቱም ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ላይ ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት የሳጥኑን ልክ ወሰነ፤ ማዕዘኖቹ ላይ ያሉት የብረት መያዣዎችም አንድ ዓይነት ሆኑ። ከዚያ በኋላ የትኛውም አገር ያለ ክሬን የትኛውንም ሳጥን ማንሳት ቻለ። ክሬኑ ውስጡ ጫማ ይሁን የጨርቃጨርቅ ማሽን ማወቅ አያስፈልገውም። ጎኑ ላይ ያያችሁት ጽሑፍም የዚያ ስምምነት አካል ነው፦ አራት ፊደል፣ ስድስት ቁጥር፣ በመጨረሻም አንዲት ለብቻዋ የቆመች ቁጥር። ይህቺ የመጨረሻዋ ከቀደሙት ፊደላትና ቁጥሮች በስሌት የምትገኝ ናት። አንድ ሠራተኛ ቁጥሩን ሲገለብጥ አንድ አኃዝ ቢሳሳት ስሌቱ በአብዛኛው አይገጥምም፣ ስህተቱ ይያዛል። ይህን ነገር ያዙልኝ፣ ወደ ኋላ ላይ እንፈልገዋለን።

ከ1990 ዓ.ም. የኤርትራ ጦርነት በኋላ አሰብ ተዘጋና መንገዱ ወደ ጅቡቲ ዞረ። ዛሬ አንድ ኮንቴይነር እስያ ውስጥ ታሽጎ በባሕር ጅቡቲ፣ ከዚያ በጋላፊና በሚሌ በኩል ሳይከፈት ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ ሊደርስ ይችላል። ባሕር የሌላት ከተማ ወደብ አላት ማለት ነው። እዚያ ይፈተሻል፣ ባለቤቱ ዕቃውን ያወጣል፣ ባዶው ሳጥን ወደ መጣበት ይመለሳል። ቶሎ ካልመለሳችሁት የመርከብ ድርጅቱ በየቀኑ ያስከፍላችኋል፤ ነጋዴዎች «ዲመሬጅ» ሲሉ የምትሰሙት ይህን ነው። ሳጥኑ የእናንተ አይደለም፤ የእናንተ የሆነው ውስጡ የመጣው ዕቃ ነው።

እርግጥ እኛ አገር ኮንቴይነር ሌላም ሥራ አለው። መስኮት ተቆርጦለት፣ በር ተበጅቶለት ሱቅ ይሆናል። ብስኩቱ፣ ሳሙናው፣ ፍሪጁ፣ ባለሱቁም ጭምር እዚያው ይኖራል። ጥሩ ሱቅ ነው። ብቻ ሳጥኑን በሌላ ሳጥን መቀየር ብትፈልጉ አትችሉም፣ ምክንያቱም ሕይወቱ በሙሉ ውስጡ ነው። በሶፍትዌሩ ዓለም ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፦ ለጉዞ የተሠራውን ሳጥን ሱቅ ያደርገዋል።

እንዴት? አሁን ወደ ኮምፒውተሩ እንሂድ።

ፕሮግራም ብቻውን አይሠራም። የሌሎች ሰዎች የጻፏቸው ረዳት ፕሮግራሞች ያስፈልጉታል፣ ያውም ትክክለኛ እትማቸው። እናንተ ጋ የሠራው ጓደኛችሁ ጋ አልሠራ የሚለው፣ ብዙ ጊዜ፣ ከረዳቶቹ አንዱ እሱ ጋ ስለሌለ ወይም ሌላ እትም ስለሆነ ነው። ጆንያ በጆንያ ስትጭኑ አንዱ መንገድ ላይ እንደሚቀረው ማለት ነው። መፍትሔው ቀስ እያለ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1979 በወጣው ሰባተኛው የዩኒክስ እትም ውስጥ አንድን ፕሮግራም በተወሰነ የፋይል ክፍል ብቻ የሚያጥር ትእዛዝ ነበር። በ2000 ፍሪቢኤስዲ የተባለው ስርዓት ይህን አጠናክሮ «እስር ቤት» የሚል ስም ሰጠው። በ2006 የጉግል መሐንዲሶች አንድ የፕሮግራሞች ስብስብ ምን ያህል የኮምፒውተሩን አቅም መጠቀም እንደሚችል የሚገድብ ሥራ ጀመሩ፤ ይህ በ2008 መጀመሪያ ሊኑክስ ውስጥ ገባ። ቁርጥራጮቹ ነበሩ፣ ነገር ግን አንድ ላይ አድርጎ መጠቀም የባለሙያ ሥራ ነበር።

እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2013 ሰሎሞን ሃይክስ የተባለ ወጣት ካሊፎርኒያ በተደረገ የፓይተን ፕሮግራመሮች ስብሰባ ላይ ለአምስት ደቂቃ ያህል መድረክ ተሰጠው። ያሳየው ነገር ስሙ ዶከር ነበር። «ዶከር» ማለት የወደብ ወዛደር ማለት ነው፤ አርማውም ኮንቴይነር የተሸከመ ዓሣ ነባሪ ሆነ። ፕሮግራሙን ከነረዳቶቹ አሽጋችሁ ትልኩታላችሁ፣ የሚቀበለው ኮምፒውተር ውስጡን ሳያይ ያስነሳዋል። ልክ እንደ ክሬኑ። ሁለት ዓመት ቆይቶ፣ በ2015፣ ድርጅቶች ተሰባስበው ለሶፍትዌሩ ሳጥንም የጋራ ልክ ማውጣት ጀመሩ። ታሪክ እዚህ ላይ ራሱን ደገመ።

አሁን ሦስት ቃላት እንለይ። ኢሜጅ የታሸገው ጥቅል ነው፤ አይለወጥም። ኮንቴይነር ከኢሜጁ ተነስቶ አሁን እየሠራ ያለው ነው። ቮልዩም ደግሞ ከኮንቴይነሩ ውጭ፣ በኮምፒውተራችሁ ዲስክ ላይ ያለ ማስቀመጫ ነው፤ ኮንቴይነሩ በበር ገብቶ ይጠቀምበታል እንጂ ባለቤቱ አይደለም።

ወንበራችሁን ያዙ፤ ኮንቴይነር ሲሻሻል አይጠገንም። አሮጌው ይወገዳል፣ ከአዲሱ ኢሜጅ ሌላ ኮንቴይነር ይፈጠራል። በአሮጌው ውስጥ የተጻፈ ነገር ሁሉ፣ ቮልዩም ላይ ካልሆነ፣ አብሮ ይሄዳል። የመጀመሪያ ጊዜ የሰማ ሰው ደንግጦ «እንዴት እንዲህ ያለ አደገኛ ነገር ይሠራሉ?» ይላል። እኔ ግን የቴክኖሎጂው ትልቁ ጥበብ ይህ ነው ባይ ነኝ። አሮጌውን እየጠጋገኑ መኖር ስለማይቻል፣ ከመጀመሪያው ሳጥኑንና ዕቃውን ለይታችሁ እንድታስቀምጡ ያስገድዳችኋል። ስለዚህ ማንኛውንም ነገር ከማሻሻላችሁ በፊት የምትጠይቁት የመጀመሪያ ጥያቄ «አዲሱ እትም ምን ጨመረ?» ሳይሆን «ዕቃዬ የት ነው ያለው?» ነው። ፎቶው የሚቀመጥበት ፎልደር ቮልዩም ላይ መሆኑን በዓይናችሁ አይታችሁ አረጋግጡ። ካልሆነ ሳጥኑን ሱቅ አድርጋችሁታል።

ምሳሌውን እናስፋው። ደሴ ውስጥ ያለ አንድ ቤት አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ሊኑክስ ተጭኖ ሦስት ኮንቴይነር ይሠራል እንበል። አንዱ ኪዊክስ ነው፤ ዊኪፔዲያን ያለ ኢንተርኔት የሚያስነብብ። ሁለተኛው ኔክስትክላውድ ነው፤ የቤተሰቡን ፎቶና ሰነድ የሚይዝ። ሦስተኛው ፓይሆል ነው፤ ማስታወቂያ የሚያግድ። ሁሉም በቤቱ ዋይፋይ ይደረሳሉ። አሮጌ ላፕቶፕ መሆኑ እንዲያውም ጥሩ ነው፣ መብራት ሲሄድ ባትሪው ትንሽ ይታገሣል።

ሦስቱ አንድ ዓይነት አይደሉም። ኪዊክስ የሚያነበው ትልቅ ፋይል ነው፣ የሚጽፈው የለም። ስታሻሽሉት ቢበላሽ የድሮውን ታስነሳላችሁ፣ አለቀ። ፓይሆል ደግሞ አስቂኝ ወጥመድ አለው። ፓይሆል የቤቱ የስም ማውጫ ነው፤ ስልካችሁ አንድ ድረ ገጽ ሲፈልግ «የዚህ ቁጥር ስንት ነው?» ብሎ የሚጠይቀው እሱን ነው። እሱን አቁማችሁ አዲሱን ኢሜጅ ላውርድ ብትሉ፣ ኢሜጁ ያለበትን አድራሻ የሚነግራችሁ የለም፤ ያቆማችሁት እሱን ነዋ! በዚያ ላይ ታናሽ እህታችሁ ከሌላ ክፍል «ኔት ጠፋ!» ብላ ትጮኻለች። ስለዚህ ሁልጊዜ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ አውርዱ፣ ከዚያ አቁሙ። ማውረድ የሚሠራውን ኮንቴይነር አይነካውም። ኔትወርኩ ደህና በሆነበት ሌሊት አውርዳችሁ፣ ለውጡን በማግስቱ መብራት ባለበት ቀን ማድረግ ትችላላችሁ። ኢሜጅ በንብርብር ስለሚወርድ መሃል ላይ ቢቋረጥም ወርደው ያለቁት ንብርብሮች በአብዛኛው እንደገና አይወርዱም፤ ዳታ በካርድ ለሚሞላ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

«ሌተስት» የሚለውን መለያ ግን አትመኑት። በእንግሊዝኛ «የቅርብ ጊዜው» ማለት ነው፤ ሆኖም ተራ ምልክት እንጂ ዋስትና አይደለም። ዛሬ በአንድ ኢሜጅ ላይ ይለጠፋል፣ ነገ ተነቅሎ በሌላው ላይ። አንድ ነጋዴ ኮምቦልቻ ሄዶ «ባለፈው የመጣውን ኮንቴይነር ስጡኝ» አይልም፣ ቁጥሩን ይናገራል። እናንተም የእትሙን ቁጥር ጻፉ። ከዚያም የሚበልጥ አለ፦ እያንዳንዱ ኢሜጅ ከይዘቱ በስሌት የሚገኝ 64 ፊደልና ቁጥር ያለው አሻራ አለው። ውስጡ አንዲት ነገር ብትቀየር አሻራው ይቀየራል። የብረቱ ሳጥን የመጨረሻ ቁጥር ታናሽ ወንድም ነው ልትሉት ትችላላችሁ፤ ያኛው የጽሑፍ ስህተትን ብቻ ይይዛል፣ ይህ ግን የዕቃውን መቀየር ራሱን። በሌሊት በራሳቸው የሚያሻሽሉ ፕሮግራሞችም አሉ። ፎቶ ለያዘ ነገር አልመክራቸውም፤ መብራት መቼ እንደሚሄድ እነሱ አያውቁም።

«ታዲያ ይህ ሁሉ ጣጣ ካለው ለምን አሻሽላለሁ? እየሠራ አይደል?» የሚል አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው፣ መልሱም በእኛው ቅርብ ታሪክ ውስጥ አለ።

በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ፣ በጥቅምት 2014 ዓ.ም. መጨረሻ አካባቢ፣ ደሴና ኮምቦልቻ በህወሓት ኃይሎች እጅ ገቡ። ስልክና ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ብዙ ሰው ከተማውን ጥሎ ወጣ። የደሴ ሆስፒታልና የወሎ ዩኒቨርሲቲ ዘረፋና ውድመት ደረሰባቸው። ከተሞቹ በመንግሥት እጅ የተመለሱት ኅዳር 27 ቀን ነበር። ከዚያ በሦስተኛው ቀን፣ ኅዳር 30፣ ከእኛ ጋር ምንም የማይገናኝ ወሬ ዓለምን አመሰው፦ ሎግፎርጄ በተባለ፣ በቁጥር ስፍር በሌላቸው የጃቫ ፕሮግራሞች ውስጥ ባለ ረዳት ፕሮግራም ላይ ክፍተት መገኘቱ ይፋ ሆነ። አንድ መስመር ጽሑፍ በመላክ ብቻ የሌላ ሰው ሰርቨር ላይ የፈለጉትን ማስኬድ ይቻል ነበር። ነገሩ ቶሎ ከታየባቸው ቦታዎች አንዱ ምን መሰላችሁ? የማይንክራፍት ጨዋታ ሰርቨሮች። በጨዋታው የወሬ ሳጥን ውስጥ የተጻፈች አንዲት መስመር በቂ ነበረች። በመላው ዓለም ባለሙያዎች ቅዳሜና እሑዳቸውን ሰውተው ሲያሻሽሉ ሰነበቱ። እየሠራ ያለ ፕሮግራም ደህና ፕሮግራም ነው ማለት እንዳልሆነ ያ ሳምንት ለብዙዎች አሳይቷል። በዚያው ሳምንት ደሴና ኮምቦልቻ ገና ፍርስራሻቸውን እየቆጠሩ ነበር።

ሁለተኛው መቋረጥ ረዘመ። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ፣ በዚያው ሰሞን የሞባይል ኢንተርኔት ተዘግቶ ለብዙ ወራት ቆየ። ያ ቤት ያኔ ነበረ እንበል፤ ኔክስትክላውዱ ደግሞ የጊዜው አዲስ እትም፣ 27 ነበር። እናንተ በጨለማ ስትቀመጡ ዓለም አልቆመም፦ 28 በታኅሣሥ፣ 29 በሚያዝያ ወጡ። ኔት ሲመለስ የመጀመሪያው ፈተና «በአንድ ጊዜ 29 ላይ ልዝለል» የሚል ነው። አይሆንም። ኔክስትክላውድ አንድ ዋና እትም በአንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚያልፈው፤ ከ27 ወደ 28፣ ከ28 ወደ 29። እያንዳንዱ እትም የቀደመውን አንድ እትም ዕቃ ብቻ አንሥቶ ወደ ራሱ አቀማመጥ ይለውጣል። ሐረጎን በቀጥታ ልውረድ ብሎ ጠመዝማዛውን የሚዘል መኪና የት እንደሚደርስ ታውቃላችሁ።

ኢንተርኔት ጨርሶ በሌለበት ጊዜስ? እዚህ ላይ የሶፍትዌሩ ኮንቴይነር የስሙን ያህል ይሆናል። «ዶከር ሴቭ» የሚባለው ትእዛዝ ኢሜጁን አንድ ፋይል ያደርገዋል፤ «ዶከር ሎድ» ደግሞ ከፋይሉ ይመልሰዋል። አዲስ አበባ ያለ የአክስት ልጅ አውርዶ በፍላሽ ሊልክላችሁ ይችላል፤ ፍላሹ በአውቶቡስ 400 ኪሎ ሜትር ተጉዞ፣ ደብረ ብርሃንን፣ ሸዋ ሮቢትን፣ ከሚሴን አልፎ፣ ኮምቦልቻ ደርሶ ሐረጎን ይወጣል። ሳይከፈት የመጣ ሳጥን! የኪዊክስ ፋይልም እንዲሁ ይመጣል፤ የእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ ከነሥዕሉ ወደ 100 ጊጋባይት ነው፣ ለዚያ ግን ፍላሽ ሳይሆን ሃርድ ዲስክ ላኩ በሉት። ፋይሉ መንገድ ላይ እንዳልተበላሸ የምታውቁት በምን ነው? አሻራውን በስልክ ወይም በወረቀት ካገኛችሁት ጋር በማስተያየት።

እስካሁን ስለ ሳጥኑ ነበር። የዕቃውን ጉዳይ ለመረዳት ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሄደን ሐይቅ እንድረስ።

ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ውስጥ አቡነ ኢየሱስ ሞዓ የሰጡት የአራቱ ወንጌላት ብራና አለ። ዘመኑ በውስጡ ተጽፏል፤ በአውሮፓውያን ሲቆጠር 1280 ወይም 1281 ነው። ከሰባት መቶ ዓመት በላይ የቆየ መጽሐፍ። በነዚህ ዓመታት ስንት ጦርነት፣ ስንት ዘረፋ በዚያ አካባቢ እንዳለፈ ወሎዬ ሁሉ ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ1973 የኢትዮጵያን ብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም የማንሳት ሥራ ተጀመረ። የፊልሙ አንድ ቅጂ አዲስ አበባ ቀረ፣ ሌላው አሜሪካ ሚኒሶታ ውስጥ ኮሌጅቪል በሚባል ቦታ ባለ የገዳም ቤተ መጻሕፍት ተቀመጠ። ከአብዮቱም በኋላ ሥራው ቀጠለ፤ በጠቅላላው ወደ 9,000 የሚጠጉ ብራናዎች ተነሱ። የሐይቁ ወንጌል በዚያ ስብስብ ውስጥ ቁጥር 1832 ነው። እዚያ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጠው እነዚያን ፊልሞች ገጽ በገጽ እያነበቡ ዝርዝራቸውን ካዘጋጁት ዋነኛው ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው፤ በደርግ ወታደሮች ጥይት ተመትተው ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ከዋሉ በኋላ ነበር ይህን የሠሩት።

ልብ በሉ፣ የገዳሙ አባቶችና ባለካሜራዎቹ የመጽሐፉን ማህደር አላነሱም፣ ሳጥኑንም አልገለበጡም። የገለበጡት ጽሑፉን ነው፣ ያስቀመጡትም በሦስት የተለያየ ቦታ ነው። ለቤታችሁ ሰርቨርም ነገሩ ይኸው ነው። ኢሜጁን መጠባበቂያ አድርጎ ማስቀመጥ ዕቃውን አያድንም፤ ኢሜጅ ዓለም ሁሉ ያለው ነገር ነው፣ የእናታችሁ የሠርግ ፎቶ ግን የትም የለም። ቮልዩሙን ገልብጡ። እዚያው ላፕቶፕ ላይ ሌላ ፎልደር ውስጥ ሳይሆን ሌላ ዲስክ ላይ፣ ዲስኩንም ቢቻል ዘመድ ቤት። ላፕቶፑን የወሰደ ሌባ አጠገቡ ያለውን ዲስክ ትቶ አይሄድም።

ፋይል መገልበጥ ግን ለዳታቤዝ አይበቃም። ኔክስትክላውድ የትኛው ፎቶ የማን እንደሆነ፣ መቼ እንደገባ የሚመዘግበው ዳታቤዝ ውስጥ ነው፤ ፖስትግሬስ ነው እንበል። ዳታቤዙ እየጻፈ እያለ ፋይሎቹን ብትገለብጡ ግማሹ ከመጻፉ በፊት፣ ግማሹ ከተጻፈ በኋላ ያለ ቅጂ ይወጣላችኋል፤ ጸሐፊው ቀለም እየነከረ ሳለ ብራናውን ነጥቆ እንደማንሳት። ወይ መጀመሪያ አቁሙት፣ ወይ ደግሞ ዳታቤዙ ራሱ ይዘቱን እንዲያወጣላችሁ እዘዙት፤ ባለሙያዎች «ደምፕ» ይሉታል፣ ውጤቱ የሚነበብ ጽሑፍ ነው።

ይህ ጽሑፍ ሁለተኛ ጥቅም አለው። ፖስትግሬስ ከአንድ ዋና እትም ወደ ሌላ ሲሄድ፣ ለምሳሌ ከ14 ወደ 15፣ አዲሱ የአሮጌውን ፋይሎች አያነባቸውም። ቁጥሩን ብቻ ቀይራችሁ ብታስነሱት ኮንቴይነሩ «ይህ የእኔ አይደለም» ብሎ ይቆማል። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ሲደርስ «ዕቃዬ ጠፋ» ብሎ ቮልዩሙን ያጠፋዋል፤ ያን ጊዜ በእውነት ይጠፋል። ምንም አልጠፋም። አሮጌውን እትም መልሳችሁ አስነሱ፣ ደምፕ አውጡ፣ ለአዲሱ እትም ባዶ ቮልዩም ስጡት፣ ጽሑፉን አስገቡበት። አሮጌ ብራና ሲያረጅ ጸሐፊ በአዲስ ብራና ላይ እንደሚገለብጠው ነው። ጸሐፊው ገና እየገለበጠ እያለ አሮጌውን የሚፍቅ የለም።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነጥብ በብዙ መመሪያዎች ላይ ተዘሎ የሚታለፍ ነው። ማሻሻሉ ከሸፈ ወደ ኋላ እንመለስ ስትሉ የድሮውን ኢሜጅ ማስነሳት ብቻ አይበቃም። አዲሱ እትም ለአምስት ደቂቃም ቢሆን ሠርቶ ከሆነ የዕቃውን አቀማመጥ ለውጦታል፤ የድሮው ደግሞ አዲሱን አቀማመጥ አያውቅም። ኔክስትክላውድ ወደ ኋላ መመለስን አይደግፍም፣ በግልጽ ይከለክላል። ስለዚህ የመመለሻ መንገዳችሁ ሁለት ነገር አንድ ላይ ነው፦ የድሮው ኢሜጅ፣ እና ከማሻሻላችሁ በፊት የተገለበጠው ዕቃ። ከሁለቱ አንዱ ከጎደለ መንገዱ የለም። ዲስክ ሞላ ብላችሁ በማሻሻያው ማግስት አሮጌ ኢሜጆችን የሚጠርገውን ትእዛዝ አትስጡ፤ ከሁለቱ አንዱን በገዛ እጃችሁ መጣል ነው።

ቅጂው በእርግጥ እንደሚሠራ የሚታወቀው ደግሞ ሲመለስ ብቻ ነው። ሌላ ባዶ ቮልዩም ፍጠሩ፣ ቅጂውን እዚያ መልሱት፣ ሁለተኛ ኮንቴይነር በሌላ ቁጥር አስነሱበትና በቤቱ ዋይፋይ ከስልካችሁ ግቡ። የመጀመሪያው እየሠራ ሳለ ማለት ነው፤ ማንም ኔት ጠፋ አይልም።

የመጨረሻው ሥራ ቆጠራ ነው። ከማሻሻላችሁ በፊት ስንት ፎቶ፣ ስንት ሰነድ እንዳለ ወረቀት ላይ ጻፉ፤ የሚሠራውን የእትም ቁጥርም ከጎኑ። ከተሻሻለ በኋላ እንደገና ቁጠሩ፤ ከጥንቶቹ ሦስት፣ ከቅርቦቹ ሦስት ፎቶ ከፍታችሁ እዩ። ጸሐፊ ጨርሶ ብዕሩን ሲያስቀምጥ አራሚው ሁለቱን መጻሕፍት ጎን ለጎን አድርጎ የሚያነበው ለዚህ ነው። ቁጥሩ ካልገጠመ አዲሱን አቁማችሁ በሁለቱ መመለሻዎች ተመለሱ። ከገጠመ ደግሞ አሮጌው ኢሜጅና አሮጌው ቅጂ ሁለት ሳምንት ያህል ባሉበት ይቆዩ፤ አንዳንድ ጉድለት የሚታወቀው አያታችሁ «ያ የሐይቅ ጉዞ ፎቶ የት ሄደ?» ብለው ሲጠይቁ ነው።